የሞተው የእንግሊዝኛ ቃል

ከትናንት ጀምሮ እህል ያልቀመሰው ረዳት መምህር ጌጡ፣ ዶክተር መዝገቡ በመምህራን ክበብ ጥብሳቸውን እየጠቀለሉ ሲያስረዱት ዓይኑ ትሪው ላይ ተተክሎ ቀረ።

«ድሮ እንግሊዞች ‹ግሮክ› ይሉ ነበር» አሉ ዶክተሩ እየጎረሱ። «የሚበላን ሰው፣ ይጋብዘኛል ብሎ በዝምታ ማየት ማለት ነው። ዛሬ ቃሉ ሞቷል። ለእኛማ ድሮም አያስፈልገንም። ‹እንብላ› ሳይል የሚጎርስ ሐበሻ አይተህ ታውቃለህ?»

«ኧረ የለም፣ ዶክተር» አለ ጌጡ ምራቁን ውጦ። ትሪው ላይ የቀረችው አንዲት ቁራጭ ሥጋ ናት። አሁን እንኳ ቢገባቸው ብሎ፣ «ምሳሌ ቢሰጡኝ?» ሲል ለመናቸው።

ዶክተሩ ዙሪያቸውን ቃኙ። ከጠረጴዛው ሥር አንዲት ድመት አንጋጣ ታያቸዋለች።

«ይኸውልህ!» አሉ ፊታቸው በርቶ፣ ሥጋዋን እየወረወሩላት። «በል ጻፍ፤ ከዚህ የተሻለ ምሳሌ አታገኝም።»