ቁልፉን እምቢ ያለው ማሽን

ጋሽ ቁልፉ ዛሬም እንደገቡ ኮታቸውን ወንበሩ ላይ ጣል አድርገው ማሽኑን ሞከሩት። ማሽኑ ዛሬም እምቢ አለ።

እናት አባታቸው ያወጡላቸው ስም ሌላ ነው። «ቁልፉ» የተባሉት በሥራቸው ነው። ሌሎቹ ማሽኖች ወደ አዲሱ ሕንፃ ከሄዱ ቆይተዋል፤ በዚህ ክፍል የቀሩት ጎን ለጎን የቆሙ ሁለት ሰርቨሮች ናቸው። አንደኛው የክሊኒኮችን ፋይል ይይዛል፣ ሁለተኛው ቅጂውን ይቀበላል። አንደኛው ወደ ሁለተኛው ሲገባ ፓስወርድ አይጠየቅም። በፓስወርድ ፋንታ የራሱን ቁልፍ ያሳያል፤ ሁለተኛው ቁልፉን ያውቀውና ያሳልፈዋል። ይህን የሠሩት ሽማግሌው ናቸው። ያኔ ፀጉራቸው ጥቁር ነበር።

ከቅርብ ጊዜ ወዲህ ግን ሁለተኛው ማሽን በየጠዋቱ ቁልፉን አላውቅም እያለ ፓስወርድ ይጠይቃል። የሕመምተኞቹ ፋይል ያለ ቅጂ ቀርቶ አንድ ነገር ቢደርስበት ጋሽ ቁልፉ ራሳቸውን ይቅር አይሉም።

«ዛሬም አልገባም አለ ጋሼ?» አለ ምክትሉ ከበሩ ላይ ሆኖ።

«አንተ ታውቃለህ» አሉት ዞር ሳይሉ።

ምክትሉ ጎረምሳነቱን የጨረሰ፣ ሽቶ የሚወድ፣ ቃል የሚቆጥብ ሰው ነው። ጠዋት ጠዋት ሽማግሌውን በመኪናው የሚያመጣቸው እሱ ነው፤ ቀበቶውን ሳይቀር ያስርላቸዋል። ጋሽ ቁልፉ አያምኑትም። ሰው እንዲያው ያለ ነገር እንዲህ አይለሰልስም። ደግሞ ባለፈው ሰሞን ለአለቃይቱ «እስከ መቼ ነው እንዲህ የምንቀጥለው?» ሲላት በጆሯቸው ሰምተዋል። እሷ «እስከ መጨረሻው» ብላ አፉን አስያዘችው እንጂ ያን ዕለት አብቅቶላቸው ነበር።

ወደ ሥራቸው ተመለሱ። ቁልፉ በቦታው መኖሩን አዩ፤ አለ። በሁለተኛው ማሽን ላይ የተቀመጠውን የቁልፉን ጥንድ አዩ፤ እሱም አለ። ከዚያ ጥንዱ ያለበትን ፎልደር ሲያዩት ለማንም ክፍት ሆኖ አገኙት። ማንም ገብቶ ሊጽፍበት በሚችል ፎልደር ውስጥ ያለውን ነገር ማሽኑ አያምንም፤ ትክክለኛውን ቁልፍ ብታሳየው እንኳ ይመልስሃል። ሽማግሌው በአንድ መስመር ትእዛዝ ፎልደሩን ዘጉት። ቅጂው መሄድ ጀመረ። እጃቸውን አፋትገው እንደ ልጅ ሳቁ።

ሳቁ ግን ብዙ አልቆየም። ፎልደር በራሱ አይከፈትማ!

ረፋዱ ላይ አለቃይቱ ራሷ ሻይ ይዛላቸው መጣች። ስኳር የለበትም፤ እንደሚወዱት።

«ተስተካከለ ጋሼ?»

«ተስተካክሏል አለቃ። ግን እርስዎ የማያውቁት ነገር አለ። ይሄ ምክትልዎ በየማታው ፎልደሩን እየከፈተ ያበላሽብኛል። እኔን አይችልም አስብሎ ሊያስወጣኝ ነው። መቃብሬን እየማሰልኝ ነው!»

«እሱ እንዲህ አያደርግም።»

«ጠላት ከሩቅ አይመጣም አለቃ። ከዚህ ክፍል ከወጣሁ ምን አለኝ? ቤት ቁጭ ብዬ ግድግዳ ሳይ ልዋል?»

ምክትሉ ኮሪደሩ ላይ ቆሞ ሁሉንም ሰምቷል። አንገቱን ደፍቶ ሄደ። ጋሽ ቁልፉ ይህንንም እንደ ጥፋተኛነት ቆጠሩበት።

እንግዲያው እጅ ከፍንጅ ይያዛል አሉ። ማሽኑ ማን ገብቶ ምን እንዳዘዘ ይጽፋል፤ እንደ ሰው ይሉኝታ የለውም። ምሳቸውን ትተው መነጽራቸውን እየወለወሉ ወደ ኋላ ፈለጉ። አገኙት። ትናንት ማምሻውን ፎልደሩን የከፈተው ሰው ስም ቁልጭ ብሎ ተጽፏል።

የራሳቸው ስም ነበር።

ከትናንት በስቲያም የራሳቸው። ከዚያም በፊት የራሳቸው።

ትናንት ማምሻውን የት ነበርኩ ብለው ራሳቸውን ጠየቁ። ቤታቸው የገቡት በምን እንደሆነ፣ ራት ከማን ጋር እንደበሉ ለማስታወስ ሞከሩ፤ ምንም የለም። ያን ቀን ከወንበራቸው ለመነሳት ብዙ ጊዜ ፈጀባቸው።

አለቃይቱ ቢሮ ሲገቡ አልተቀመጡም።

«አለቃ፣ ያንን ሰው በሐሰት ወነጀልኩት። የማበላሸው እኔው ነኝ። አእምሮዬ እየከዳኝ ነው። ሌላ ሰው ሳልጎዳ ያሰናብቱኝ።»

አለቃይቱ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች።

«ከሰው ስህተት ከብረት ዝገት አይጠፋም ጋሼ። ነገ ጠዋት ይምጡ።»

«መጥቼ ምን ልሠራ?»

«ያለ እርስዎ እነዚያን ማሽኖች የሚያግባባቸው የለም።»

ሽማግሌው «ስንት አለቃ አሳልፌያለሁ፤ እንደ እርስዎ ያለ ግን አላየሁም» ብለው እጇን በሁለት እጃቸው ይዘው ሳሙት። እሷም እስኪለቋት ድረስ እጇን አልነጠቀቻቸውም።

ምክትሉ ኮታቸውን አልብሶ፣ ክንዳቸውን ደግፎ ይዟቸው ወረደ። ዛሬ ጋሽ ቁልፉ አልተቆጡትም።

አለቃይቱ ሁለቱ ማሽኖች ወዳሉበት ክፍል ገብታ በሽማግሌው ወንበር ላይ ተቀመጠች። የክሊኒኮቹ ፋይል ከሌሎቹ ማሽኖች ጋር ወደ አዲሱ ሕንፃ ከሄደ ቆይቷል፤ እነዚህ ሁለቱ የቀሩት ሽማግሌው ጠዋት ጠዋት የሚያስተካክሉት ነገር እንዳያጡ ነው። እንደ ሌላው ቀን ሁሉ የእሳቸውን ስም ጻፈች። አየችው፤ አየችውና አጠፋችው። በራሷ ስም ገብታ ፎልደሩን ለማንም ክፍት አደረገችው። ነገ ጥፋተኛውን ሲፈልጉ የሚያገኙት እሷን ይሆናል።

ምክትሉ ተመልሶ በሩ ላይ ቆመ።

«ነይ እንሂድ እህቴ፣ አባዬ መኪና ውስጥ ነው» አላት። «ደረጃው ላይ ‹ይቺ ደግ አለቃችን የማን ልጅ ናት?› ብሎ ጠየቀኝ።»