የሻንጣው ሽቶ

ቢጁ ሻንጣውን እንዳንጠለጠለ ሻርጃ ያለው ጠባብ ክፍል በር ላይ ቆመና አየሩን በአፍንጫው ሳበ። ታላቅ ወንድሙ ሳጃን አንገቱን ደፋ። ሳጃን ለእረፍት አገር ቤት፣ ሕንድ ኬረላ በገባ ቁጥር ሻንጣው ሲከፈት ቤቱን የሚያውደው ሽቶ እዚህ የለም። ተደራራቢዎቹ አልጋዎች መሃል ያለው የላብ፣ የካልሲና የተጠበሰ ዓሣ ሽታ ነው።

"ጋሼ፣ አረብ አገር የሚሸተው እንዲህ ነው እንዴ?"

ሳጃን ዓይኑን የሚያሳርፍበት አጣ። ከፍራሹ ስር የሽቶ ጠርሙስ አወጣ። "ይኸው። ወደ አገር ቤት ስሄድ ሻንጣው ላይ የምረጨው ነው።"

ወዲያው የቢጁ ስልክ ጮኸ። እናታቸው ናት፣ በቪዲዮ። ሳጃን "አደራ፣ እንዳትነግራት" ሊል አፉን ሲከፍት ቢጁ ጠርሙሱን ነጠቀውና የራሱ አንገት ላይ ፊሽ ፊሽ አደረገው።

ላይኛው አልጋ ላይ የተጋደመው የሳጃን የክፍል ተጋሪ በሳቅ ፈነዳ። "አንተ ጅል፣ ሽታ በስልክ ይሄዳል?"

ቢጁ ከጀርባው ባዶው ግድግዳ ብቻ እንዲታይ ዞር ብሎ፣ ፈገግ አለና ስልኩን አነሳ። እናታቸው ስክሪኑን ተጠግታ ዓይኗን ጨፈነች።

"ውይ ልጄን! ገና ከመግባትህ አረብ አገር አረብ አገር ሸተትከኝ!"