ዘመዶችህ መጡ

የደም መጣጮቹን ቪዲዮ ጌም ሁለተኛ ክፍል ሠሪዎቹ ዘንድሮ ነው፣ ለከርሞ ነው እያሉ ሲያላግጡበት የይርሳው ጢም ሸበተ። ወጣ ሲባል ወናፉን ጥሎ ንፋስ መውጫ ከተማ ካለችው ጌም ቤት ገሰገሰ። በመጀመሪያው ክፍል ደም መጣጭ ሆኖ ሲጫወት የጌሙ ከተማ ሁሉ መንገድ ይለቅለት ነበር፤ የቀጥቃጭ ልጅ ብሎ የሚንቀው አልነበረም።

ጆይስቲኩን ገና ከመጨበጡ፣ የቤቱ ባለቤት ሙሉቀን ምሳውን እየጎረሰ፣ "ይኸው ቡዶቹ ዘመዶችህ መጡልህ፤ ስትናፍቃቸው አልነበር?" አለው። ተራ ጠባቂዎቹ አሽካኩ።

ይርሳው ማስጀመሪያውን አልተጫነም። ዞረና ሙሉቀንን ትክ ብሎ አየው።

"ቀልዴን እኮ ነው፣ ወንድምዓለም" አለ ሙሉቀን። አፉ አሁንም ይስቃል። እጁ ግን የምሳውን ሳህን በጋቢው ጫፍ ይሸፍን ነበር።