ለጀማሪ የቱ ይሻላል?

ሰውዬው ላፕቶፑን በፎጣ ጠቅልሎ ወደ ኮምፒውተር ጠጋኟ ሱቅ የገባው ሰኞ ጠዋት፣ ገና ወለሉ ሳይጠረግ ነው። ዕድሜው ወደ ስልሳ ይጠጋል። ጥቁር ሹራብ ለብሷል፤ ጢሙ ከተላጨ ሰንብቷል። በነጻ የሚታደለውን፣ ሊኑክስ የሚሉትን የኮምፒውተር ስርዓት ሰምቶ ኖሮ፣ ብዙ ዓይነት አለው አሉ፣ ለጀማሪ የቱ ይሻላል ብሎ ጠየቃት።

«ላፕቶፑ የርስዎ ነው?» አለችው።

«የባለቤቴ ነው። የይለፍ ቃሉን አላውቀውም» አለና አንገቱን ደፋ።

ጠጋኟ ሹራቡን አየች፤ ጢሙን አየች፤ ሌላ ነገር አልጠየቀችም። እግዜር ያጽናዎት አለችው። እሱም ዝግ ባለ ድምፅ አሜን አለ።

የራሷ ባል ከሞተ ስምንት ወሩ ነው። ከዚያ ወዲህ ሆዷ ደንዝዟል። አታለቅስም፣ አትስቅም፤ ጠዋት ትከፍታለች፣ ሲመሽ ትዘጋለች። አንድ ነገር ብቻ ያንገበግባታል። በቀብሩ ሳምንት እጇ ሥራ ቢያጣ የባሏን ኮምፒውተር ላድስ ብላ ተቀመጠችና፣ አዲሱን ስትጭን የቆየውን ጠርጋ አጠፋችው። ፎቶው፣ ድምፁ፣ ሁሉም አብሮ ሄደ። የስንቱን ሰው ፋይል ስታድን የኖረች ሴት፣ የራሷን እንዲህ አደረገች።

ስለዚህ ሰውዬውን አላቻኮለችውም። «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል፣ ጋሼ» አለችው። አንዴ ከተጫነ ዲስኩ ላይ ያለው የባለቤቱ ነገር ሁሉ እንደሚጠፋ ነገረችው። ደግነቱ ሳይጭኑ መሞከርም ይቻላል፤ ስርዓቱ ከፍላሽ ላይ ይነሳል፣ ፍላሹ ሲነቀል ላፕቶፑ እንደነበረ ይሆናል።

«እንደነካነው አይታወቅም?»

«በጭራሽ።»

የሟች ዕቃ መንካት ከብዶት ነው አለች በልቧ።

የዚያን ዕለት ሚንት የሚባለውን ዓይነት ሞከረ። ቀላል ነው፣ ግን ላስብበት አለ። ማክሰኞ ኡቡንቱን ከፈተችለት፤ በግራ በኩል የተደረደሩት ምስሎች ግር አሉት። ረቡዕ ፌዶራ ሆነ። እያንዳንዱን ሲሞክር የሚጠይቀው አንድ ነው፤ ፋይል የሚቀመጠው የት ነው? አንድ ሰዓት ያህል ይቀመጥና የግድግዳውን ሰዓት ገልመጥ አድርጎ፣ ጠቅልሎ ይሄዳል። ላፕቶፑ እዚሁ ይደር ብትለው እሺ አላለም። ጎረቤቷ ፎቶ ኮፒ አንሺው፣ ሰውዬሽ ሚስት ሲመርጥም እንዲህ አልተቸገረም ብሎ ቀለደ። እሷ አልሳቀችም። የሚስቱን ዕቃ ከዓይኑ ማራቅ ያቃተው ሰው ምኑ ያስቃል?

ሐሙስ ዕለት ገና ሲገባ አንጀቷን በላው። ሥራዋን ሁሉ ትታ ወንበር ሳበችለት።

«ስርዓቱን ቆይተው ይመርጣሉ» አለችው። «መጀመሪያ የሷን ፋይሎች ላውጣልዎ። ዲስኩ ካልተቆለፈ ከፍላሹ ላይ ሆኜ እከፍተዋለሁ፣ የይለፍ ቃልም አይጠይቅም። ኋላ እንደኔ እንዳይቆጭዎ።»

ሰውዬው ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብሎ አያት።

ዲስኩ አልተቆለፈም። የሴትዮዋ ፋይሎች ተዘርግፈው ወጡ። ጠጋኟ ቦታውን ለቀቀችለትና ፊቷን ወደ መንገዱ አዞረች፤ የባልና ሚስት ነገር ባዳ አያየውም ብላ ነው። ሰውዬው ፎቶዎቹን ላፍታ እንኳ ሳይከፍት አለፋቸው። ብዙ ቆየ። ከዚያ አንድ ገጽ አትሚልኝ አላት።

ከማተሚያው ስታነሳው የቤት ኪራይ ውል ነው። ሩቅ ከተማ፣ አንዲት ክፍል፣ ከግርጌው የተከራይዋ ሴት ፊርማ። ሞት የስንቱን ሐሳብ መንገድ ላይ ያስቀራል ብላ አሰበችና፣ ከስንት ወር በኋላ ዓይኗ እንባ አቀረረ። የራሷን ባል አሰበች። ደስም አላት፤ ቢያንስ ይሄኛው የሚስቱን ነገር አላጣም።

ሰውዬው ወረቀቱን ሁለቴ አነበበው። አድራሻውን በጣቱ እየተከተለ ለሦስተኛ ጊዜ አነበበውና አጥፎ ኪሱ ከተተው።

«ታዲያ የቱን ልጫንልዎ?» አለችው ዓይኗን እየጠረገች።

«ምንም አትጫኚ፣ ልጄ። ፍላሹን ንቀይልኝና ባለቤቴ ከሥራ ሳትመለስ ቦታው ላድርሰው።»