ባለጎራዴዋ ያለችው

ልጅቷ ዲስኩን ስታስገባ አባቷ ማስተር ከወዲሁ ጉሮሮውን ይጠራርጋል። ዛሬ አስተርጓሚ አያስፈልግም፣ ፊልሙን በአማርኛ አድርገውታል ብትለው፣ ከእኔ የበለጠ ማን ያውቀዋል ብሎ አኮረፈ።

እውነቱን ነው። ያኔ እሱ የሚሠራበት ቪዲዮ ቤት ጢም የሚለው ለቻይና ፊልሙ እርግጫ ብቻ አልነበረም። ማስተር ከቴሌቪዥኑ ጎን ቆሞ፣ ቻይኖቹ አፋቸውን በከፈቱ ቁጥር ያሉትን ይነግራል፤ ስንቱን ጎረምሳ እንባ አራጭቷል። ሚስቱ ልብስ ሰፊዋም የተረታችው በዚያ አንደበት ነው። ባለሱቅ ሽማግሌ ቢልክባት፣ የሰው አገር ቋንቋ የሚያውቅ እያለ ስኳር መዛኝ ምን ያደርግልኛል ብላ መልሳዋለች።

ፊልሙ ይጀምራል። ባለጎራዴዋ ሴት በር ላይ ቆማለች፤ ባሏ ፈረሱን ይጭናል። ልብስ ሰፊዋ ማስተር ያኔ የተረጎመላትን ቃል በከንፈሯ ትቀድማለች፦ ሂድ፣ ፀጉሬ እስኪሸብት እዚሁ በር ላይ እጠብቅሃለሁ።

ማስተር ሥራ አገኘሁ ብሎ ሌላ ከተማ ገብቶ የቀረ ጊዜ፣ ዘመድ ሁሉ ፍቺው ሲላት እምቢ ያለችው ይህችን ሴት አርአያ አድርጋ ነው። ልጇን በስፌት መኪና አሳደገች። ከዓመታት በኋላ ሲመጣ የት ከረምክ አላለችውም። ባለጎራዴዋ መች አለች?

ባለጎራዴዋ አፏን ትከፍታለች።

«ሂድ። ከእንግዲህ እዚህ ቤት የለህም። ብትመለስ አንገትህን ነው የምቀላው።»

ልጅቷ በሳቅ ትፈርሳለች። እናትየው ፊቷን ወደ ባሏ ታዞራለች።

«ቻይንኛ ትችላለህ?»

«የዛሬ ልጆች እንደፈለጉ ነው የሚተረጉሙት...»

«ትችላለህ ወይ ነው የምልህ።»

ማስተር ጉልበቱን ያሻሻል። ሰዉ ደስ እንዲለው ብዬ እንጂ፣ ይላል ቀስ ብሎ፣ ማን ተጎዳ?

ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል ይላሉ። ያሉት ሰዎች ማስተርን አላገቡም።

«ይሄን ፊልም ያሳየኸኝ» ትላለች፣ «ልትሄድ የተነሳህ ሰሞን ነው።»

የልጅቷ ሳቅ ቆመ። ማስተር ዓይኑን ወደ ቴሌቪዥኑ ይወስድና፣ አመል ሆኖበት፣ በዚያ በድሮው ድምፁ ይጀምራል፤ እንግዲህ እዚህ ላይ ሴትየዋ ሆዷ ይባባና...

ልብስ ሰፊዋ ሪሞቱን አንስታ ድምፁን ትጨምራለች፤ የእሱ ከንፈር ብቻ ሲንቀሳቀስ እስኪታይ ድረስ።