በረዶ ውስጥ ያለ ጥለት

ትሕትና ከአውሮፓ የተመለሰችው ድካሟን ተሸክማ ነው። አንድ የጥበብ ማኅበር ጋብዟት፣ ክረምቱን አንድ ተራራ ላይ፣ ዋሻ ውስጥ እየገባች የበረዶ ፎቶ ስታነሳ ከርማለች። ረቂቅ የሚባለው ዓይነት ፎቶ ነው። ዋሻም ተራራም አይታይበትም። ሰማያዊ፣ ነጭ፣ ስንጥቅ፣ ታፍኖ የቀረ አረፋ፣ በቃ ይኸው ነው። ጉለሌ፣ እናቷ ቤት አጠገብ ባለች አዳራሽ ስትሰቅላቸው የሰፈሩ ሰው እየዞረ አየና፣ "ያምራል፤ ግን ምንድን ነው?" እያለ ወጣ።

አንዱ ፎቶ ግን ሰው ያቆም ነበር። ከበረዶው ሆድ ውስጥ ቀይና ቢጫ የሆነች ቀጭን መስመር ታልፋለች። ትሕትና ራሷ የድንጋዩ ማዕድን የፈጠረው ቀለም መስሏት ብዙም አላሰበችበትም።

አዳራሹን የሚያስተዳድረው ቤዛብሕ አንድ ጠዋት ፊቱን አጥቁሮ መጣ።

"የሽሮ ሜዳ ሸማኔዎች ተነስተውብሻል። ጥለታችንን ወስዳ በኮምፒውተር በረዶ ላይ ለጠፈችው እያሉ ነው።"

"እኔ ምንም አልለጠፍኩም።"

"እኔማ አምንሻለሁ" አለ። ድምፁ ግን የሚያምን ሰው ድምፅ አልነበረም።

ሸማኔዎቹ ቢቆጡ አይፈረድባቸውም። ዓይናቸው እስኪደክም የሠሩትን ጥለት ፋብሪካ ባንድ ጀምበር እያተመ ገበያውን ሲያጥለቀልቅባቸው ኖረዋል። አሁን ደግሞ የገዛ ሰፈራቸው ልጅ ስትጨመርበት ሰለቻቸው።

ወሬው የተነሳው ከጋሽ ታረቀኝ ነው። ሸማኔ ናቸው። ከቁስቋም ማርያም ሲመለሱ ወደ አዳራሹ ጎራ ብለው ያንን ፎቶ ሲያዩ ባሉበት ደርቀው ቀሩ። ከዚያ ወዲያ ሥራቸውን እየተዉ ይመጣሉ። አንገታቸው ላይ በክር ያንጠለጠሏትን ስልክ ጨብጠው ፎቶው ፊት ይቆማሉ። ያቺን ስልክ ቅዳሴ ላይ እንኳ አያጠፏትም። ልጃቸው ኖህ ባሕሩን በሰላም ተሻግሬያለሁ፣ ከእንግዲህ አታስቡ ብሎ ለመጨረሻ ጊዜ የደወለባት ናት። ጎረቤቶቻቸው በስልኳ መቀለድ ከተዉ ቆይተዋል።

ትሕትና በመጨረሻ ወንበር ሰጠቻቸው።

"ጋሽ ታረቀኝ፣ ይቀመጡና እንነጋገር።"

አልተቀመጡም። "ይኼ ጥለት የኔ ነው" አሉ። "ገበያ አውጥቼው አላውቅም። አንድ ጋቢ ላይ ብቻ ነው ያለው።"

"እኔ ጋቢ አላነሳሁም። በረዶ ነው።"

"የት አየሽው? ሰው ለብሶት ነው? አልከስሽም ልጄ። የት እንዳየሽው ብቻ ንገሪኝ።"

ቤዛብሕ ወደ ጆሮዋ ጠጋ ብሎ፣ "እንዳታምኚያቸው፤ ሊያናዝዙሽ ነው" አላት። ትሕትና ደከማት። ሌባ ከተባለች በዚህ ሰፈር ቀና ብላ አትሄድም፤ ሥራዋንም ከእንግዲህ የሚሰቅልላት አይኖርም። እናቷ እንኳ ትናንት ማታ "እውነቱን ለኔ ንገሪኝ" ብላታለች።

"እሺ፣ ካሜራው ያነሳውን እንዳለ ላሳይዎት" አለችና ኮምፒውተሯን ከፈተች።

ፎቶውን አጎላችው። መስመሯ ሰፋች። ደግማ ስታጎላው ቀዩም ቢጫውም ወደ ደቃቅ ክሮች ተበተነ። ከላያቸው አንድ ክንድ ውፍረት ያለው በረዶ ተጋድሟል። ትሕትና እጇን ከኮምፒውተሩ ላይ አነሳች።

"ጨርቅ ነው እኮ" አለ ቤዛብሕ በእሷ አፍሮ።

"ማዕድን መስሎኝ ነበር" አለች።

ጋሽ ታረቀኝ መነጽራቸውን በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉ። "ወደ ዳር ውሰጂው" አሉ።

ወሰደችው። ዳር ላይ ቢጫው ያልቅና ብርቱካናማ ይተካል።

"ቢጫው ክር አለቀብኝ" አሉ ቀስ ብለው። "ኖህ በማግስቱ ሊሄድ ሆነ። እንዳይበርደው ብዬ በተገኘው ክር ጨረስኩለት።"

"ይኸው" አለ ቤዛብሕ፣ "ልጅዎ ለብሶት አንስታዋለች ማለት ነው። ትሕትና፣ በቃ እመኚና ይቅርታ ጠይቂያቸው።"

ጋሽ ታረቀኝ ወደ እሱ አልዞሩም። "ዋሻው የት አገር ነው?" አሉ።

"ከጣሊያን ወደ ፈረንሳይ የሚያሻግረው ተራራ ላይ ነው" አለች ትሕትና። "በእግር የሚሻገሩ ሰዎች ብርዱ ሲጠናባቸው ይጠለሉበታል አሉ።"

ጋሽ ታረቀኝ ስልካቸውን በሁለት እጃቸው ያዟት።

"እባክሽ ልጄ" አሉ፣ "ሰርቄው ነው በይኝ።"