ስምንተኛው ትራስ

የመገናኛ ታክሲዎች ክላክስ ልቧን ድው ድው ሲያሰኘው፣ አዝመራ ገርጂ ውስጥ ለተጨነቁ ሰዎች ተከፈተ ወደተባለው የዝምታ ክፍል ሄደች። ጠባቂው ላጲሶ ጫማዋን ተቀብሎ ገላመጣት።

«እህቴ፣ እዚህ አይወራም። ውስጥ ያሉት ድምፅ አይወዱም።»

ውስጥ ግን ማንም አልነበረም። መሃላቸው የጎደጎደ ስምንት ትራሶች ብቻ ምንጣፉ ላይ ተደርድረዋል። ገባ ስትል፣ የተቀመጠባቸው ሰው ብድግ ያለላት ይመስል፣ ሁሉም ቀስ ብለው ተነፉ።

ልማድ ሆኖባት «ኧረ በእግዚአብሔር፣ ተቀመጡ!» አለች።

ሰባቱ ትራሶች መልሰው ጎደጎዱ። ከስምንተኛው ጀምሮ ግን ምንጣፉ ላይ የባዶ እግር ዱካ አንድ በአንድ ወደ እሷ እየታተመ መጣ።

ዞራ በሩን ስትገፋ ላጲሶ እንዳይከፈት ከውጭ ደግፎ ይዞታል።

«አይወራም ብዬሽ ነበር» አላት በሹክሹክታ።